አላየሁትም ያለው ሐኪም

አንድ ሐኪም ነበረ። ሆድ ከፍቶ የሚጠግን፣ እጁ የተመሰከረለት ሐኪም።

ይልቃል፣ የጠየቅኸኝ ስለ ሽምግልና ሆኖ ሳለ እኔ በሐኪም መጀመሬ አይግረምህ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ባልየውን ሰምተናል፣ ምስክሮቹን ሰምተናል፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው የተናገሩት። ዛሬውኑ ለሚስትየዋ ጥፋቷን ነግረን መጨረስ ስንችል እንደገና ቀጠሮ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ፍርሃት ካልሆነ ምን ይባላል?» ነው ያልከኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽማግሌ ጋር የተቀመጠ ሰው እንዲህ ደፍሮ ሲጠይቅ እኔ ደስ ይለኛል፤ ሌሎቹ ፊታቸውን ቢያኮሳትሩብህም አትከፋ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቀዶ ሕክምና ክፍል ማደንዘዣ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውም ምሳሌ ከዚያው ነው። እንግዲህ ተቀመጥና ስማኝ።

የሐኪሙ እጅ ፈጣን ነበር። ሌላው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ እሱ ሰው ሻይ ጠጥቶ ሳይመለስ ይጨርሰዋል እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ደም ሲያስቸግር አይደነግጥም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ረዳቱን አይሳደብም። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ በሽተኞች ስሙን ጠርተው «እሱ ካልሆነ አንነካም» ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ አረማመዱን ሳይቀር ይቀዱበት ነበር፤ አንዳንዶቹማ ያስቁኝ ነበር። ትዕቢተኛ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ግን ልክ መሆንን ለምዶት ነበር።

በዚያ ሆስፒታል አንድ ልማድም ነበረ። ጎበዝ የሚባል ሐኪም የበሽተኛውን የራጅ ፊልም ከፖስታው ያወጣል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርገዋል፣ አንዴ ያየዋል፣ ይወስናል። እጁን ሲያወርድ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ፊልም ደጋግሞ የሚያይ ዓይኑ ደካማ ነው ይባላል። ሌላ ምስል ይሠራልኝ የሚል ደግሞ ምክንያት እየፈለገ ነው ይባላል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። የሚያስተምረውም አልነበረም፤ ግን ሁሉም ያከብረው ነበር።

አንድ ቀን አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መጣ። ዕድሜውን ሙሉ የዱቄት ብናኝ ሲስብ የኖረ፣ በዚያ ላይ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ሳንባው የደከመ ሰው ነበር። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይይዛል። ሐኪም ቤት የሄደው ኩላሊቴን ጠጠር ይዞኛል ብሎ ነው። በአገሩ ክሊኒክ በአልትራሳውንድ ሲያዩት ጠጠር አላገኙበትም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ደንግጠው ወደ እኛ ላኩት።

ከልብ ተነስቶ፣ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ፣ ወደ ሆድ የሚወርድ ትልቅ የደም ቧንቧ አለ። ሐኪሞች አኦርታ ይሉታል። ኩላሊትም፣ አንጀትም፣ እግርም ደም የሚያገኙት ከእሱ ነው። የዚህ ሰው ቧንቧ ሆዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ አብጦ ነበር። የብስክሌት ጎማ ውስጥ ያለው ላስቲክ አንድ ጎኑ ሲሳሳ እንዴት እንደሚነፋ አይተህ የለ? እንደዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ ከውጭም አይታይም፤ ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ሥራውን ይሠራል። የፈነዳ ቀን ግን ብዙው ሰው ሆስፒታል እንኳ አይደርስም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆድን ከፍቶ የሳሳውን ክፍል በጨርቅ ቧንቧ መተካት ነው። ይህ ብርቱ ሳንባና ብርቱ ልብ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሆድ ሳይከፈት፣ በብረት መረብ የተወጠረ የጨርቅ ቧንቧ አጣጥፎ በብሽሽት በኩል ማስገባት፣ ወደ ላይ አሳልፎ እብጠቱ ውስጥ መዘርጋት ነው። ከዚያ ወዲያ ደሙ በአዲሱ ቧንቧ ያልፋል፣ የሳሳው ግድግዳም ያርፋል። ለዚህ ግን ከኩላሊት ቅርንጫፎች በታች፣ ከእብጠቱ በላይ፣ አዲሱ ቧንቧ ቆንጥጦ የሚይዘው ጤነኛ ቦታ መኖር አለበት። አንገት ይሉታል። አንገቱ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነ ቧንቧው አይይዝም፤ ይንሸራተታል፣ ደሙም በጎን እያለፈ እብጠቱን መግፋቱን ይቀጥላል። ከዚህ በላይ የሐኪም ነገር አላበዛብህም።

ሐኪማችን የሲቲ ስካኑን ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገ። በፊልሙ ላይ የሰውየው ሆድ እንደ ዳቦ በአግድም ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ይታያል። አንገቱ ያለበትን ቁራጭ ፈልጎ አገኘው። ሰፊ ነው። «በብሽሽት አይሆንም። ይከፈታል» አለና እጁን አወረደ።

በምስል ክፍሉ የምትሠራ አንዲት ሐኪም ነበረች፤ በሙያዋ የተከበረች፣ ቃል የማታበዛ ሴት። «ቁርጥራጮቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገጣጥሜ ሙሉውን ቧንቧ ላቁምልህ? ዙሪያውን ታየዋለህ» አለችው። «አመሰግናለሁ፣ ፊልሙ በቂ ነው» አላት። እሷም አልገፋችበትም። እሱ በቂ ነው ካለ ማን ይከራከረዋል?

ለሰውየው ያለውን አደጋ አልደበቀውም። ሚስቱና ልጁ ባሉበት፣ «አባባ፣ ሳንባዎ ደክሟል። ከኦፕራሲዮኑ ላይነሡ ይችላሉ። ዝም ካልነው ደግሞ ይፈነዳል» አለው። ሰውየው ከሁለት ሞት አንዱን ምረጥ እንደተባለ ገባው። ላስብበት ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ለሴት ልጁ ሰጣት፤ በውሃ መውረጃ ነገር ተጣልቶት ከኖረው ጎረቤቱ ጋር ታረቀ። ከሚስቱ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ተመልሶ ሲመጣ ግን ፊቷን አይቼ ሁሉንም ነገር እንደተነጋገሩ ገምቻለሁ። «እሺ፣ ክፈቱኝ» አለ።

የሥራው ጠዋት ደረሰ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ዕቃው ተደርድሯል፣ ደም ተዘጋጅቷል፣ ተማሪዎቹ ዳር ዳሩን ቆመዋል። ሐኪሙ ታጥቦ፣ ጋውኑን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ ገባ። እኔ ጭምብሉን ይዤ ከራስጌ ቆሜያለሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አየውና፣

«ዶክተር፣ ይሄ ሊገድለኝ የመጣ ነገር ምን ይመስላል?» አለው።

ሰው ሲፈራ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ ብዙ ሰምቻለሁ፤ «አይዞዎት» ይባላል፣ ይታለፋል። ሐኪሙም ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ሊነግረው ፈልጎ ነበር። ግን ቃል አጣ። ወደ ግራ ያዘንብል እንደሆነ፣ ወደ ፊት ይታጠፍ እንደሆነ፣ ከኩላሊቱ ቅርንጫፎች ሥር እንዴት ተነስቶ ወደ እብጠቱ እንደሚገባ በሐሳቡ ሊያየው ሞከረ፤ አልመጣለትም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የተቆረጠውን ነገር ግን አያውቀውም።

ጓንቱን አወለቀ።

«አባባ፣ አላየሁትም» አለው። «ሳላየው አልነካዎትም።» ወደ እኔ ዞረና «አታስተኛቸው» አለኝ።

ይልቃል፣ እኔ በዚያ ክፍል ስኖር ጓንት አጥልቆ ከገባ በኋላ እንዲህ የሚል ሰው አላየሁም ነበር። ተማሪዎቹ አንዱ የአንዱን ፊት ማየት አፈሩ። የክፍሉ ኃላፊ ተጠርቶ መጣና «ክፍል አስይዘህ፣ ደም አስወጥተህ፣ ሰውን አስርበህ፣ ምን ማለትህ ነው?» አለው። ኮሪደር ላይ የሰውየው ወንድም «ፈርቶ ነው! እጁ ከድቶት ነው! ወንድሜን መለማመጃ አደረጉት!» እያለ ጮኸ። ሚስትየዋ አለቀሰች፤ ባሏ የተረፈ መስሏት ይሁን ያለቀለት መስሏት እሷም አላወቀችው። ሐኪሙ ከአንዳቸውም ጋር አልተከራከረም። «ልክ ናችሁ። አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ» አለና ቀጥ ብሎ ወደ ምስል ክፍሉ ሄደ።

እዚህ ላይ አስተውል። ለዚያ ሰው መቁረጥ ቀላል ነበር። ይችልበታል፣ ለምዶታል፣ ያወድሱታል። ሰውየው ቢሞትበት እንኳ «ሳንባው ነው፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር» ይባልለታል እንጂ ማንም ጣቱን አይቀስርበትም። ያ ሁሉ ሽፋን እያለለት ነው በሰው መሀል «አላየሁትም» ያለው። እኔ ደፋር ሰው ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ለሐኪሟ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አቁሚልኝ» አላት። እሷ «ነግሬህ አልነበረም ወይ?» አላለችውም። ወንበር ሳበችለትና ሥራዋን ጀመረች። ይህችንም ሴት አደንቃታለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል አግኝቶ አፉን የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው።

እኔም ተከትዬ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ቁርጥራጮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቧንቧው ሙሉ ሆኖ ተነሳ። አጥንቱ ነጭ፣ ቧንቧው ቀይ ነው። ሁለቱ የኩላሊት ቅርንጫፎች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፣ ከሥራቸው እብጠቱ ተንጠልጥሏል። ሐኪሟ ስታዞረው ይዞራል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ ከሥር። ሰውየው እዚያ ማዶ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ እዚህ ፊታችን ላይ ይገላበጣል። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰችም። እኔ ስንት ሆድ ሲከፈት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያን ያህል ጥርት ብሎ ግን አይቼ አላውቅም። የሰው ልጅ ይህን ማድረግ መቻሉ ገረመኝ። ዛሬም ይገርመኛል። አልደብቅህም፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። ቧንቧው ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከኩላሊት ቅርንጫፎቹ ሥር ወደ ጎን ይዘምማል፣ ሊጋደም ምንም አይቀረውም፣ ከዚያ ወደ እብጠቱ ይገባል። ፊልሙ ላይ ያሉት ቁራጮች ደግሞ ሁሉም በአግድም የተቆረጡ ናቸው። ስለዚህ ይህን የዘመመ አንገት በሰያፍ ነው የቆረጡት። ካሮት ስትከትፍ ቢላዋውን ብታጋድለው ቁራጩ ረዘም ያለ ሞላላ ይሆናል፤ ቀጥ አድርገህ ብትቆርጠው ትንሽ ክብ ነው። ካሮቱ ያው ካሮት ነው። ሐኪሟ በቧንቧው መሀል ለመሀል፣ ሲታጠፍ አብሮት የሚታጠፍ መስመር አሰመረች። ከዚያም አንገቱን እንደ መስመሩ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ሞላላው ጠፋ፣ ክብ ሆነ። ስፋቱም ወረደ። በብሽሽት የሚገባው ቧንቧ አሳምሮ የሚይዘው አንገት ነው።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሆዳቸውን ልከፍተው ነበር» አለ። «በዚያ ሳንባ።»

«አልከፈትከውም» አለችው ሐኪሟ። «ና፣ ርዝመቱን እንለካ።»

ርዝመቱም እንደ አዲስ መለካት ነበረበት፤ ጠመዝማዛ ነገር በቀጥታ ሲለኩት ያጥራል። ልኩ የሆነው የጨርቅ ቧንቧ ተፈልጎ እስኪመጣ ደግሞ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ግድ ሆነ። ከባዱ ይሄ ነው። እብጠቱ የኛን ቀጠሮ አያውቅም። በእነዚያ ቀናት ቢፈነዳ ኖሮ ሰውየው ይሞታል፣ ሐኪሙ የገዳይ ስም ይወጣለታል፣ እኔም ይህን ምሳሌ አልነግርህም ነበር። እሱ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቀጠሮ ሰጥቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰውየውን ክፉኛ እንዳያስለው መድኃኒት አዘዘለት፣ የደም ግፊቱን እየመጣ ራሱ ይለካው ነበር፣ «ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ እንዳይናደዱ» እያለ ሚስቱን ዘበኛ አደረጋት። ከዚያ የተረፈው ጊዜ በሙሉ ምስሉ ፊት ነው። ያዞረዋል፣ ይለካል፣ መልሶ ይለካል። ያንን ሲጮህበት የነበረውን ወንድም ሳይቀር ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠውና የወንድሙን ሆድ ዙሪያውን አሳየው። ወንድምየው ገብቶ ሲወጣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኛ የምናውቀው መስሎን ነው እንጂ» አለኝ ኮሪደር ላይ።

ሐኪሙ ከምህንድስና መምህራን መሀል ወዳጆች ነበሩት። ምስሉን ላከላቸው፤ እነሱ ደግሞ ቅርጽ በሚያወጣ ማተሚያ ማሽናቸው የሰውየውን ቧንቧ በፕላስቲክ፣ በትክክለኛ መጠኑ ሠርተው ሰጡት። ወስዶ በሰውየው መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ይመስላል ብለውኝ ነበር። ይኸውልዎት» አለው።

ሰውየው ብዙ አገላበጠው። እብጠቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ የዘመመውን አንገት ተከትሎ ጣቱን አስኬደ። «ይቺን ለምታክል ነገር ነው እንዴ ቁልፌን ያስረከብኩት?» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል እንዳያመጣ ሁላችንም ደነገጥን። ሚስቱ ነጥቃ ወሰደችና እሷም አየችው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው «ምን ይሆን?» ማለቱን ተወ። ጠላቱን ካየው በኋላ መፍራቱ ባይቀርለትም እንቅልፍ ግን ወሰደው።

ያው ፕላስቲክ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። በውስጡ ሽቦ እያሳለፈ መታጠፊያውን ይለማመድ ጀመር። ያ እጀ ፈጣን ሰው እንደ ጀማሪ ቀስ እያለ፣ እየተሳሳተ፣ እንደገና እየጀመረ ሲለማመድ ተማሪዎቹ ቆመው አዩት። እኔም በሆዴ «አረማመዱን ትታችሁ ይህን ቅዱ» አልኩ።

ሰውየውን በሁለተኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ አላስተኛሁትም። ከወገቡ በታች ብቻ ነው ያደነዘዝኩት፤ ሳንባው በራሱ ይተነፍሳል። የጨርቁ ቧንቧ በብሽሽቱ ገባ፣ መታጠፊያውን አለፈ፣ ከኩላሊት ቅርንጫፎቹ ሥር ተዘረጋና ያዘ። ደሙ በአዲሱ መንገድ ብቻ ሲያልፍ በስክሪኑ ላይ አየን። ሐኪሙ «አባባ፣ አልቋል» አለው። ሰውየው «መቼ ጀመራችሁ?» አለ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሲስቅ ነው ምን ያህል እንደደከመው ያወቅሁት።

ሰውየው ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲጋራውን ተወ። ወፍጮ ቤቱን ከልጁ መልሶ አልተቀበላትም፤ ከእሱ የተሻለ ይዛዋለች አሉ። እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተራ የሚጠብቀውን ደንበኛ ያጫውታል።

አንድ ተማሪ በኋላ ሐኪሙን ጠየቀው። «ታዲያ ፊልሙ ዋሽቶን ነበር ማለት ነው?»

«አልዋሸም» አለው። «ያሳየን ሁሉ እውነት ነው። የቆረጠው ግን በሰያፍ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቁራጭ አይቼ ሰውየውን ያየሁ መሰለኝ።»

እንግዲህ ይልቃል፣ ወዳንተ ልምጣ። ከፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው «ልጄን ይዛ ጥላኝ ወጣች» አለ። ወንድሙ መሰከረ፣ ጎረቤቱ መሰከረ፣ የሠፈሩ ባለሱቅ መሰከረ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ በዓይናቸው አይተዋል። አንዳቸውም አልዋሹም ብዬ አምናለሁ። ግን ሁሉም ያዩት ከባልየው ደጅ ቆመው ነው። እኛም አንዱን ነገር ከአንድ ቦታ ደጋግመን አየን እንጂ ቦታ ቀይረን አላየነውም። እሷንስ ምን አደረግናት? እንደ ልማዳችን አስጠራናት፣ ሽማግሌና ዘመድ በሞላበት፣ አባቷን በሚያክሉ ወንዶች መሀል አስቀመጥናትና «በይ ተናገሪ» አልናት። አንገቷን ደፋች። እኛም ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠርነው። ፊልሙን ወደ መስኮት አንስተን እጃችንን አወረድን ማለት ነው።

ጥፋት የለባትም እያልኩህ አይደለም፤ አላውቅም። ይኖርባት ይሆናል። አንተ «ግልጽ ነው» ያልከው ግን ቁራጩ ነው። ቁራጩማ ግልጽ ነው። ሐኪሙም ሰፊ አንገት ሲያይ ግልጽ ነበረለት፤ በዚያው ግልጽ ነገር አንድ ሰው ሊሞት ነበር።

ቀጠሮ ፍርሃት ነው ወይ ላልከኝ ደግሞ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ነው። ቀጠሮ ሰጥቶ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ ሽማግሌ ወይ ፈርቷል ወይ ሰንፏል። ከኛም መሀል አለ፣ ስሙን አትጠይቀኝ። የሐኪሙ ቀናት ግን እንደዚያ አልነበሩም። ሲያይ ነው የቆየው። እዚህም የሚፈነዳ ነገር አለ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ነው፣ ያ ሕፃን ወይ አባት ወይ እናት ሊያጣ ነው። ስለዚህ «ለእሑድ ይቀጠር» የሚለው ነገር እኔንም አልጣመኝም። በዚህ አንተ ልክ ነህ።

ዛሬውኑ እሷ ወዳለችበት፣ እናቷ ቤት እንሄዳለን። እኔና አንተ ብቻ። እሷ በለመደችው ቦታ ትቀመጥ፣ እናቷም አጠገቧ ትሁን። የምትጠይቃት አንተ ነህ። ስትናገር አታቋርጣት፤ ዝም ስትልም አትቸኩልባት። ከዚያ ባልየውን ለብቻው፣ ወንድሙ በሌለበት እንሰማዋለን። ዙሪያውን አይተህ ስታበቃ «ጥፋቱ የእሷ ነው» ካልክ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ከጎንህ ቆሜ ቃልህን አጸናልሃለሁ። «የባልየው ነው» ካልክም እንደዚሁ። ሁሉም ቢቃወሙህ ብቻህን አልተውህም።

ከመነሳታችን በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሻንጣዋን ይዛ እንደወጣች ሁላችንም እናውቃለን። ለምን ወጣች?

ዝም አልክ። ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ሐኪሙም ያን ሰው ማዳን የጀመረው የሚመልሰው ሲያጣ ነው። ተነስ፣ ኮትህን ልበስና እንሂድ።